ሃያት ያልጠየቀችኝ

ጂን እንዳለ ሃይማኖቴ ስለሚያስተምረኝ አልክድም፣ ነገር ግን ሰው «አየሁ፣ ሰማሁ» እያለ ሲያወራ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ ይህን መጀመሪያ እወቅልኝ ወዳጄ።

ኢምፔሪያል አካባቢ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንዲት ክፍል ተከራይተን ከልጄ ከሃያት ጋር ለክሊኒኮች ፕሮግራም እንሠራ ነበር። እኔ ሙያውን ያለ አስተማሪ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህም እኮራ ነበር፣ በምጽፈው ኮድም እያንዳንዱ ክላስ፣ ማለትም የፕሮግራሙ አንድ ክፍል፣ የሚያስፈልገውን ራሱ ውስጡ ይፈጥራል። ለሃያት ይህ አይዋጥላትም ነበር።

«አባባ፣ የሚያስፈልገውን መግቢያው ላይ፣ ኮንስትራክተሩ ላይ ይናገርና እኛ እናቀብለው። ውስጡ ደብቆ የጎደለው ቀን ማን ያውቅለታል?»

«እኔ ቤት ልመና የለም።»

«ክላስ እኮ ነው አባባ! መስጊድ በር ላይ አስቀመጡት እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ለካ ያን ጊዜ ኩላሊቷ እየደከመ ነበር። ለወራት ደበቀችኝ፣ ሆስፒታል ስትገባ ነው የሰማሁት፣ የእኔ ይሰጣት ስል ሐኪሙ ጊዜው አልፏል አለኝ።

ከቀበርናት ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት መልስ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ኮዱን እሷ እንዳለችው ማስተካከል ጀመርኩ። ከኋላዬ ወንበሯ ሲጢጥ አለ፣ እርጥበት ነው አልኩ። ኪቦርዷ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ዝናብ ነው አልኩ። ስጨርስ ፕሮግራሙ አልነሳም አለኝ፣ «ሃያት» የሚባል ክላስ የጠየቀው አልቀረበለትም ይላል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ክላስ አልጻፍኩም! ፋይሉን ከፈትኩት፣ የተጻፈው ከአስር ደቂቃ በፊት ነው፣ የጸሐፊው ስም የእኔ ነው፣ ኮንስትራክተሩ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኩላሊት።

«ኩላሊት» የሚባል ክላስ ጻፍኩና አቀበልኳት። ፕሮግራሙ ወዲያው ተነሳ። ወንበሩም እንደገና ሲጢጥ አለ፣ የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ እንደሚጮኸው ዓይነት። ዞር ለማለት ድፍረት አጣሁ።

አባት የሆንክ ሁሉ፣ ልጅህ ሲጎድላት እንድትጠይቅህ አድርገህ አሳድጋት፣ እኔ ጥንካሬ ያስተማርኳት መስሎኝ ዝምታ ነው ያስተማርኳት። አሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፣ የሰጠኋትን ተቀብላ ሄደች ወይስ ዘገየህ ብላኝ? ያኔ ዞሬ ባያት ኖሮ ፊቷ ይነግረኝ ነበር።