በየካቲት የሚያፈስ ሚኒባስ

እኔ በመናፍስት ወሬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ቢቸና ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ መኪናዬ ተለክፏል ብሎ የመጣው ሁሉ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሽቦው ተልጧል፣ ይችን የምነግርህንም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማት ኖሮ ጠጥቷል እል ነበር፣ እመነኝ።

የካቲት ላይ ነው፣ ከዘነበ ወራት አልፈዋል። አንድ የሞጣ ሹፌር ሚኒባሱን ይዞ መጣና "የጋቢናው ወንበር ውሃ እያቆረ አስቸገረኝ፣ ሞጣ ሦስት ሰው አይቶት አቃተው፣ የሚያፈስበትን የሚያገኘው እሱ ነው ብለው ወዳንተ ላኩኝ" አለኝ። ስሙን ብጠይቀው አስማረ አለ። የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ ቀና ብዬ አየሁት።

የሞጣውን ሹፌር አስማረን በዓይን አላውቀውም እንጂ ስሙን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ከሁለት ክረምት በፊት እህቴን ይታይሽን ምጥ ያዛት፣ ጎረቤቶቿ በጋቢ ጠቅልለው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ዳር አደረሷት፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ይህ ሰው ቆመ፣ አያት፣ "ረጥባለች፣ የወንበሩ ልብስ አዲስ ነው" ብሎ ነድቶ ሄደ፣ እህቴም እዚያው መንገድ ዳር ከነልጇ ሞተች። ሽማግሌዎች ይቅር በል ቢሉኝ እሺ አላልኩም፣ ዛሬም አላልኩም። ወንድሟ መሆኔን አያውቅም፣ እግዜር እጄ ላይ ጣለልኝ ብዬ ሆዴ ሞቀ፣ ምን ልደብቅህ።

"ቶሎ አድርስልኝ ወንድሜ፣ ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፣ ሆስፒታል የማደርሳት በዚሁ ነው" አለኝ። "ዛሬውኑ ይደርሳል" አልኩት።

ሥራው እንዲህ ነው፣ ምንጣፉን አውጥተህ ወለሉን ታደርቃለህ፣ በበሩና በመስታወቱ ዙሪያ ካለው ጎሚኒ፣ ከላስቲክ ማሸጊያው ማለቴ ነው፣ ሥር የተፈጨ ጠመኔ ትነሰንሳለህ፣ ከዚያ ሰው ከውጭ በጎማ ውሃ ሲረጭ አንተ በሩን ዘግተህ ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ውሃ የገባበት ጠመኔ ይታጠባል። አስማረ ረጨ፣ እኔ የሹፌሩ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁ፣ ጠመኔው እንዳለ ደረቅ ነው። ግን ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ከአጠገቤ። ውሃውን ዝጋ አልኩት፣ ዘጋ፣ ጠብታው አልቆመም። ዞር ስል የጋቢናው ወንበር ረጥቧል፣ ሁሉም አይደለም፣ ሰው የተቀመጠበት ያህል ብቻ፣ ከሥሩም ባዶው ቆርቆሮ ላይ ሁለት የባዶ እግር አሻራ አለ። የረጠበ ጋቢ ሸተተኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በስምንት ሰዓት ነው የምልህ።

"ይታይሽ?" አልኩ በሹክሹክታ። ጠብታው ቆመ።

ፈራሁ ልበልህ? ፈራሁ፣ ግን ከፍርሃቴ ደስታዬ በለጠ። ወለሉ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ አንድም ሳላስቀር በሲሊኮን ደፈንኳቸው፣ መውጫ ካጣች ከሱ ጋር ትኖራለች ብዬ፣ እንቅልፍ ትነሳዋለች ብዬ፣ ሚስቱ እዚያ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ እያወቅሁ። "ተገኘ፣ ደፍኜዋለሁ" ብዬ ሸኘሁት፣ ከጀርባውም የእጅህን ይስጥህ አልኩ።

በአራተኛው ቀን ደወለ። "ተገላገለች፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ወንበሩም ደርቋል፣ እጅህ ይባረክ" አለኝ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ባለቤቴ መንገድ ላይ ምጡ ሲጠናብኝ ከኋላዬ አንዲት የረጠበች ሴት አይዞሽ እያለች እጄን ይዛኝ ነበር ትላለች፣ መኪናው ውስጥ ግን ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም። የባለቤቴ እጅ እስካሁን እርጥብ ነው፣ ብናብሰው መልሶ ይረጥባል። የምታውቀው ነገር አለ?"

"የለም" አልኩት።

ይታይሽ የያዘቻት ልትረዳት ነው ወይስ ላትለቃት? አይዞሽ ካለቻት ደግሞ ተናድጄባታለሁ፣ እኔ ቂሜን ይዤ ተቀምጬ እሷ ማን ይቅር በይ አላት? ሌሊት ሌሊት ይህንን ሳወጣ ሳወርድ ይነጋል። ትናንትም ደወለ፣ አላነሳሁም። ሚስቱ ሕፃኑን የምታቅፈው በዚያው እርጥብ እጅ ነው።