የመርፌ የማይታረም ስህተት

የልብስ ሰፊውን ልጅ፣ ከቅጥነቷም ከምላሷም የተነሳ፣ ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ነው የሚላት። በነርስ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኬሚስትሪ ሲጥላት አባቷ የሰፈሩን ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ «አደራህን፣ ይህችን ልጅ አስጠናልኝ» አሉት። ወጣቱ ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ አስጠኚ ሆኖ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ባዶ ሲሆን፣ ታጥበው በተደፉት ብርጭቆዎች አጠገብ ይቀመጣሉ።

«ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ይሰጣል። ከሰጠ በኋላ ምን ይሆናል?»

«ኔጌቲቭ።»

«አይደለም! ኤሌክትሮን ራሱ ኔጌቲቭ ነው። እሱን የሰጠ ፖዘቲቭ አዮን ይሆናል።»

«የጎደለበት ሰው ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው? ወይ ጉድ!»

ይስቅና እንደገና ያስረዳታል፤ ተቀባዩ ክሎሪን ኔጌቲቭ አዮን እንደሚሆን፣ ሁለቱ ተቃራኒዎች እንደሚሳሳቡ፣ ያ መሳሳብ አዮናዊ ቦንድ እንደሚባል፣ የምግብ ጨውም በዚያ እንደሚፈጠር። ሌላውን ሁሉ ባንዴ የምትይዘው ልጅ ይህቺን አንዷን ሁልጊዜ ትስታለች።

እንደገባት ያውቅ ነበር። ማወቁንም ታውቅ ነበር። ስህተቷ ሲያልቅ ጥናቱ ያልቃል፤ ካለፈች ደግሞ ኮሌጁ አጎቷ ያሉበት ሩቅ ከተማ ነው። እሱ የትም አይሄድም። እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ከእሱ በቀር የሚያገላብጣቸው የለም።

በድጋሚ ፈተናው ዋዜማ መርፌ ጨው ቆንጥራ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረችና አማሰለች።

«ነገ ሁሉንም አሳስቼ ብጽፍስ? እወድቃለሁ። እዚሁ እቀራለሁ።»

«ቅሪ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ይወዳት ነበር።

«አባትሽ ዓይናቸው እስኪፈዝ የሰፉት እንድትወድቂ ነው?»

«አባዬን ተወው። አንተስ?»

የታጠበ ብርጭቆ አንስቶ እንደገና ያጥብ ጀመር። መርፌ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ጨው የሚባል አይታይም።

«አሁን ተለያዩ?»

«ተለያዩ። ውሃ መካከላቸው ገባ።»

«ሶዲየም የሰጠውን መልሶ ይወስዳል?»

«አይወስድም። ቢለያዩም ሁለቱም አዮን እንደሆኑ ይቀራሉ።»

አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና «በል፣ ጠይቀኝ» አለችው።

«ሶዲየም... ሲሰጥ ምን ይሆናል?»

«ፖዘቲቭ» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየችው።

ያኔ መሄዷ እንደሆነ አወቀ።

አለፈች፤ ሄደችም። መስኮቱ ላይ ትታው የሄደችው ብርጭቆ ቀስ በቀስ ደረቀ፤ ጨውም ተመልሶ ግርጌው ላይ ነጭ ሆኖ ተገኘ። እሷ ግን አልተመለሰችም። የላቦራቶሪውን ዕቃ በሙሉ በየቀኑ የሚያጥበው ሰው ያንን ብርጭቆ እስከ ዛሬ አላጠበውም።