ጥያቄው ወደ አባቷ ሲዞር

ሳጅን እታገኝ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዶርቃን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«መጀመሪያ ስሚኝ። መናገር ካልፈለግሽ ዝም ማለት መብትሽ ነው። ከተናገርሽ ግን ቃልሽ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብሽ ይችላል። ጠበቃም መጠየቅ ትችያለሽ።»

ዶርቃ ትንሽ ቀለል አላት። ከጉርድ ሾላ ከአባቷ ጋር በታክሲ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲመጡ በግድ ያናግሩኛል ብላ ፈርታ ነበር። ቅዳሜ ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ወጥተው ባሕር ዛፍ ሥር በቆሎ ጠበሱ። ሌሎቹ ቀድመው ሲወርዱ እሳቱን እንድታጠፋ የተነገራት እሷ ነበረች። ፎቶ ስትነሳ ረሳችው። እሳቱ ተዛመተና የጫካው ጠባቂ ውሃ ሊቀዳ በወረደበት ጎጆው ከነልብሱ ከነፍራሹ ነደደ።

ጠዋት ጓደኛዋ ፊልሞና በቴሌግራም «አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ምንም ፕሩፍ የላቸውም» ብላ ጽፋላት ነበር። ለካስ ሕጉም ይፈቅዳል። የዜግነት አስተማሪያቸው ይህንኑ ሲያስተምሩ እሷ ስልኳን ትነካካ ነበር፤ አሁን ቆጫት።

«አልናገርም» አለች ቀጠን ባለ ድምፅ።

ሳጅኗ ሳትቆጣ የተባለውን ጻፈች። ከዚያ ፊቷን ወደ ዶርቃ አባት አዞረች።

«አቶ ጉደታ፣ እርስዎስ? ከልጅዎ የሰሙት ነገር አለ?»

ዶርቃ ክው አለች። እነሱ ቤት ማታ ማታ ከጸሎት በፊት ሁሉም የዕለት ጥፋቱን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አባቷ እንኳ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ላይ መቆጣታቸውን አይደብቁም። እሷም ቅዳሜ ማታ አንድ ሳታስቀር ዘርግፋዋለች። መብቱ የእሷ እንጂ የአባቷ አይደለም። እሳቸው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ ዋሽተው አያውቁም።

አባቷ አንዴ ሳጅኗን አንዴ ልጃቸውን አዩ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። አንጀቷን በሏት። እውነቱን ከተናገሩ ልጄን አሳልፌ ሰጠሁ እያሉ ሊኖሩ ነው፤ ከዋሹም ከራሳቸው ጋር መጣላታቸው ነው።

«እኔ…» ብለው ጀመሩ።

«አባዬን አይጠይቁት» አለች ዶርቃ። «ጠበቃ ይጠራልኝ። ሲመጣ እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

«ማንም አላስገደደሽም?» አለች ሳጅኗ።

«ማንም።»

አባቷ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ። ሳጅኗም አቶ ጉደታን መጠየቁን ትታ ጠበቃ ለመጥራት ስልኩን አነሳች።