ያልታጠበው እጅ

ዶክተር ዓዲላ ከሚሴ ሆስፒታል ስትደርስ ሕፃኑ በከፈን ተጠቅልሎ ነበር። በዚያ ሰሞን ከሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በትኩሳት ሲሞት ሁለተኛው ነው፤ ሌላ ጨቅላ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጡት እምቢ ብላለች። ዓዲላ የተላከችው የበሽታውን ምንጭ እንድታገኝ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አብዱሰላም ግን ጥፋተኛዋን ያወቀ ይመስለው ነበር። ከጨፋ ሮቢት የመጣችው የሟቹ እናት ሳቢራ እጇን ሳትታጠብ ልጇን ስትዳብስ እንደተያዘች ነገራት። ከዚያ ወዲያ እንዳትገባ ስለተከለከለች፣ ልጇ ሲሞት ያየችው በመስኮት ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ዘይና ወለሉን ያለ በረኪና ጠርጋ እንደማታውቅ ማለች፤ የእጅ መታጠቢያውን ፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ልጠብ ብትል ግን ዶክተሩ «አታባክኚ» ብሎ እንደተቆጣት በመሃል አነሳች። ነርሷ ፊርደውስ እጇን ትታጠባለች። ከመታጠብ ብዛት ቆዳዋ ተሰነጣጥቋል።

ዓዲላ በሩ አጠገብ ካለው ሕፃን ዘንድ ቆመች። ሰላማዊ እንቅልፍ ላይ ነው።

«ይኼን ማን ይይዘዋል?»

«እናቱ ዙቤይዳ ብቻ» አለች ፊርደውስ። «ለማንም አትሰጥም። የምትታጠበውም ከቤቷ ባመጣችው ደረቅ ሳሙና ነው።»

ዓዲላ ጠርሙሱን አነሳችና አሸተተችው። ወዲያው እንዳይነካ አዘዘች፤ ከእሱ፣ ከቧንቧው ውሃና ከወለሉ ናሙና ወስዳ፣ ከሟቹ አስቀድሞ ከተቀዳው ደም ጋር ወደ ደሴ ላቦራቶሪ ላከች።

ውጤቱ ሲመጣ ሳቢራንም አስጠርታ ሁሉንም ሰበሰበች። የታመመችው ጨቅላ አሁንም በኦክስጅን እርዳታ ላይ ናት።

«ውሃውና ወለሉ ንጹሕ ናቸው» አለች። «የታመሙት ሁሉ በክፍሉ ሳሙና የታጠበ እጅ የነካቸው ናቸው፤ ያልነካው የዙቤይዳ ልጅ ግን ደህና ነው። ሕፃኑን የገደለው ባክቴሪያ ፈሳሽ ሳሙናው ውስጥ ተራብቷል። ጠርሙሱ ሳይታጠብ፣ ትራፊው ላይ ሳሙናና ውሃ ሲጨመርበት ኖሯል። ሳቢራ በነካችው ዕለት ደግሞ ልጁ አስቀድሞ አትኩሶት ነበር። ዶክተር አብዱሰላም፣ ጠርሙሱ እንዳይታጠብ የከለከሉት እርስዎ ነዎት።»

«ሳሙና እያጠረን ነበር» አለ አብዱሰላም፣ አንገቱን ደፍቶ። «በውሃ አቅጥኑት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ፊርደውስ እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ሳቢራ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«እንግዲያው እቅፌ ውስጥ ሆኖ ቢሞት ምን ነበረበት?»