የፎርክሊፍቱ ወንበር

ገበያነሽን ለዓመታት ያንገበገባት የባሏ መሞት ብቻ አልነበረም፤ ከሞተ በኋላ መሰደቡም ነው። ባሏን ሽበሺን አዋሳ ጥጥ መጋዘን ውስጥ ራሱ የሚነዳው የዕቃ ማንሻ ማሽን፣ ፎርክሊፍቱ፣ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ገደለው። በማግስቱ ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ «ማርሽ ሳይፈታ የወረደ አሻጥረኛ» አለው። ልጆቿም በሰፈሩ የአሻጥረኛ ልጆች ሆነው ቀሩ።

ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ስትጠና ስንቱ አባረራት። በመጨረሻ አዲስ የመጣው መርማሪ፣ መቶ አለቃ ወልደጻድቅ፣ ወንበር ሳበላት።

«ባለቤትዎ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ቀጭን። ቀበቶውን ሁለቴ ይጠመጥመው ነበር።»

መርማሪው መጋዘን ሄዶ ጫኝ አውራጁን ሙህዲንን ጠየቀ።

«ያን ጠዋት ማሽኑ ምን ሆነ?»

«እምቢ አለ፣ ጌታዬ። አያነሳ፣ አይሄድ። ወትሮም ሽበሺን አይታዘዘውም፤ ጭኑ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ነበር የሚነዳው። ‹ለድንጋዩም ደሞዝ ይቆረጥለት› እያልን እንስቅበት ነበር። ያን ቀን ድንጋዩም አልረዳው። ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ ሊያይ ወርዶ ከፊቱ ጎንበስ አለ። እኔ ዞር ከማለቴ ጩኸት ሰማሁ።»

ወልደጻድቅ የወንበሩን ሞላ በእጁ ተጫነው። ደርቋል፤ በቀላሉ አይወርድም።

በማግስቱ ያን ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ የነበሩትን ሦስቱን ሰበሰበ፤ ሙህዲንን፣ ኃላፊውን ጓድ ደረሰን፣ መካኒኩን በኃይሉን። በኃይሉ የገበያነሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ ከልጆቿ ጋር ይበላል። እሷም መጥታለች። የማሽኑ ባትሪ ተሞልቷል፤ ከጎማው ፊት ግንድ ተጋድሟል።

«ይህ ማሽን» አለ መርማሪው ማርሹን እያስገባ፣ «ወንበሩ ካልተጫነ አያነሳም፣ አይሄድም። እንግዲህ ሽበሺ ማርሹን ባይፈታም፣ ባዶ ወንበር ሰው አይገድልም። እሱ ከፊት ሳለ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሞላው ስለደረቀ ደግሞ ለቀጭን ሰው አይበገርም። ሙህዲን፣ ወንበሩ ላይ ውጣ።»

ሙህዲን ተቀመጠ። ማሽኑ ዝም።

ደረሰ ወጣ። ማሽኑ አሁንም ዝም።

«በኃይሉ።»

ግዙፉ መካኒክ አልተነቃነቀም።

«ወንበር እኮ ነው» አለችው ገበያነሽ። «ተቀመጥ፣ ወንድሜ። ዝም ይበልልኝ።»

ተቀመጠ። ማሽኑ አጓርቶ ግንዱን ገፋው።

«እትዬ፣ ልሞክረው ብዬ ነው! ከፊት መሆኑን አላየሁም። አሻጥር ብለው እንዳይረሽኑኝ ፈራሁ። እሱ አንዴ ሞቷል፣ ምን ቢሉት አይሰማም አልኩ።»

«ልጆቹ ይሰሙ ነበር። አብረሃቸው እየበላህ።»

መቶ አለቃው ክንዱን ሊይዘው ሲል ቀደመችው። እጁን ይዛ ሠራተኛው ወደሚሰበሰብበት አዳራሽ ወሰደችው።

«ግባና ንገራቸው። ስሙን መልስልኝ።»

በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ሲወስዱት እንዳታይ ፊቷን አዙራ፣ እሑድ አጎታቸውን ለሚጠይቋት ልጆች ምን እንደምትል እያሰበች፣ ወደ ቤቷ ለመሳፈር ወደ መናኸሪያ ወረደች።