ማንም ያልጠራቸው ስድስት ማሽኖች

ሉሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻቸው ማክሰኞ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ መስኮቱን ይደበድባል። የቢሮው ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። እሷ ብቻ ከቤት ቋጥራ ያመጣችውን ምሳ ጠረጴዛዋ ላይ ከፍታ፣ አንድ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ጥላ ትበላለች።

ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ስድስት ሆኑ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ለራሷ።

ሉሊት የምትሠራበት ድርጅት ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭኑ መኪኖችን ከገበሬውና ከደላላው ጋር በስልክ የሚያገናኝ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ግን አዳማ ውስጥ የሉም፤ ባሕር ማዶ፣ አይታው በማታውቀው አዳራሽ ውስጥ ናቸው። የእሷ ሥራ እነሱን በጽሑፍ ማዘዝ ነው። የዚህ ቡድን ስሙ «መቂ» ይሁን፣ ሲያንስ ሦስት ሲበዛ ሃያ ማሽን ይኑረው፣ ጉልበቱ ይህን ያህል ይሁን ብላ በኮድ ትጽፋለች። ጽሑፉን ስትልከው ማሽኖቹ በተባሉት ቁጥር ልክ ይነሳሉ፤ ስትሰርዘው ይጠፋሉ። በሙያው ቋንቋ ኖድ ይባላሉ። እሷ ያልጻፈችው ኖድ አይነሳም። ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ታምን ነበር።

የስድስቱ ቡድን ስም «ፀሐይቱ» ይላል።

ስሙን ደግማ ስታነብ የምሳ ዕቃዋ ክዳን ማንም ሳይነካው ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ዝም አለ።

ሐሙስ ዕለት ደገመ። ቅዳሜ ግን ጠብቃ ቆጠረች። የመጀመሪያው መስመር ብቅ ሲል አንድ ብላ ጀመረች። ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ወለሉ ዝንብ እንዳረፈበት የበሬ ቆዳ ተርገፈገፈ።

ያን ሰሞን ከመተሐራ ወዲያ ያለው ምድር እረፍት ማጣቱን ሁሉም ያውቃል። ሉሊትን ያስፈራት መንቀጥቀጡ አልነበረም፤ ማሽኖቹ ቀድመው ማወቃቸው እንጂ።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዋ ለቢኒያም አሳየችው።

«ይትባረክ የጻፈው መሆን አለበት» አለ፣ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አይቶ። «ካንቺ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረ ልጅ ነው።»

«ልጠይቀዋ። የት ነው ያለው?»

«ይትባረክ የለም» አለ ቢኒያም፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ሉሊት ከዚያ በላይ መጠየቅ ፈራች። ቢሮውን የሚያጸዱት እትዬ በላይነሽ ግን ሰምተው ኖሮ፣ ቢኒያም ሲወጣ ወደ በሩ ጀርባ በአገጫቸው አመለከቱ። «እሱማ እንደወጣ ቀረ። ጃኬቱ እንኳን ያው።»

ግራጫ ጃኬት ነው። ሉሊት ስድስት ወር ሙሉ ቦርሳዋን ከጎኑ ስትሰቅል የቢኒያም ይመስላት ነበር።

ቢኒያም የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጣት። ድርጅቱ እንዲያስነሳ የተፈቀደለት የማሽን ብዛት ልክ አለው፤ ስድስቱ ሲነሱ የ«መቂ» ቡድን ቦታ ያጣል። ያለፈው ቅዳሜም በዚሁ ምክንያት ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ፀሐይ ላይ ቆመው ውለዋል። የሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ የበዓል ገበያ ነው።

«እስከዚያ አጥፊልኝ። እሱ ወደ ኮዱ የሚገባበትንም ቁልፍ ዝጊው» አላት።

ሉሊት ግን ሳታጠፋው በፊት ልታነበው ፈለገች። ኮዱን ፈልጋ አገኘችው። ሥርዓት ያለው፣ ንጹሕ ጽሑፍ ነው። በየመሃሉ ማሽኑ የሚዘላቸው፣ ለሰው ማስታወሻ ብቻ የሚተዉ መስመሮች አሉ። ከአንደኛው ሥር፣ ለማን እንደምትጽፍ ሳታውቅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ይህን የጻፈው ማነው? ሊጠፋ ነው።»

በማግስቱ ፋይሉን ስትከፍት ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል።

«እባክሽ አታጥፊው። ሰው አለበት።»

ዙሪያዋን አየች። ቢሮው ውስጥ እሷና በሩ ጀርባ የተሰቀለው ጃኬት ብቻ ነበሩ። ከሥሩ ጻፈች።

«ይትባረክ ነህ? የለም ይሉሃል።»

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። «እዚያ የለሁም። እዚህ ግን አለሁ። እኔ የተውኩትን ቆሻሻ ስታጸጂ በየቀኑ አይሻለሁ።»

ከወንበሯ ተነስታ ውጭ ወጣች፤ መንገዱ ዳር ቆማ ባጃጅና ሰው አየች። ስትመለስ ሌላ መስመር ጠበቃት። «አስደነገጥኩሽ መሰለኝ። የለወጥሽው ሁሉ በስምሽ ይመዘገባል፤ የማየው እሱን ነው። መተሐራ ነው ያለሁት።»

የሞተ ሰው ኮድ አይጽፍም ብላ ራሷን አጽናናች። ደግሞም በየቀኑ ጠዋት፣ ሥራዋን ሳትጀምር በፊት፣ ያንን ፋይል መክፈት ለመደች።

ይትባረክ ሁሉንም ነገራት። ከአዋሽ ማዶ ባሉ መንደሮች፣ በአሥራ አንድ ቤት ውስጥ፣ አሮጌ ስልክ ወለል ላይ ቸንክሯል። ምድሩ ሲነቃነቅ ስልኮቹ ይጣራሉ፤ ኮዱ መተሐራ ያሉ ሰዎችን ስልክ ያስጮኻል፤ ወዲያው ስድስቱን ማሽኖች ጠርቶ የትኛው ሰፈር እንደተመታና ወደ የትኛው ቤት ሰው መመለስ እንደሌለበት ያሰላል።

«ደወሉ እዚህ ከመንቀጥቀጡ ስምንት ሰከንድ ይቀድማል፤ አዳማ ሩቅ ስለሆነች እዚያ ይረዝማል» ብሎ ጻፈ። «በስምንት ሰከንድ ሕፃን ታቅፎ ደጅ ይደረሳል። ሞክሬዋለሁ።»

«ለምን አትደውልልኝም?» አለችው አንድ ቀን።

«ድምፄን ከሰማሽ ሰው እሆንብሻለሁ። ያኔ የመሥሪያ ቤት ማሽን ሳያስፈቅድ የሚጠቀም ሰው መሆኔ ትዝ ይልሻል።»

«አሁንስ የረሳሁት መሰለህ?»

«አዳማ ዛሬ ነፋስ አለ?»

«ነፋስ ከሌለማ ምኑን አዳማ ሆነች!»

«ናፈቀኝ። ነፋሱ አይደለም።»

ሉሊት ያቺን «አይደለም» ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት አታውቅም። ፊቱን አላየችም፤ ቁመቱን፣ ሳቁን አታውቅም። ማንም በሌለበት ሰዓት ጃኬቱን አውርዳ አቧራውን አራግፋ መልሳ ሰቀለችው። እጅጌው ለእሷ ክንድ ይረዝም ነበር።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከነክናትን ጠየቀችው።

«ፀሐይቱ ማን ናት?»

መልሱ ፈጥኖ መጣ። «እሷን ትቼ የትም መሄድ አልችልም። ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት ለእሷ ብዬ ነው። በስሟ የጠራሁትም ለዚህ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሉሊት አልጻፈችም። አርብ ዕለት ድርጅቱ የተፈቀደለት የማሽን ብዛት እንዲጨመርለት የሚጠይቅ ደብዳቤ ለባሕር ማዶዎቹ የማሽኖቹ ባለቤቶች ላከች። መልስ አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት ቢኒያም ከጀርባዋ ቆመ። የመቂ መኪኖች ተሰልፈዋል። ሉሊት የይትባረክን ፋይል መክፈት አልፈለገችም፤ ምን እንዳለ ለማየት ልቧ አልቻለም። ዋናው ኮድ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ይጥፋ ብላ ላከች። ቁልፉንም ዘጋች። የ«ፀሐይቱ» ቡድን ከነደወሉ ጠፋ፤ ፋይሉ ብቻ ማሽን የማይታዘዘው ጽሑፍ ሆኖ ቀረ።

ገበያው ያለ እንከን ዋለ። ቢኒያም «እጅሽ ይባረክ» አላት።

እሁድ ከምሳ በኋላ፣ እናቷ ቤት ተቀምጣ ሳለ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰሃን ሁሉ ተንጫጫ። እስከዛሬ ከመጡት ሁሉ የከበደ ነበር። ሉሊት ኮምፒውተሯን ከፈተች። ምንም የለም። የተነሳ ማሽን የለም፤ የሚነሳም የለም። በዚያ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ነው ፋይሉን የከፈተችው። የመጨረሻው መስመር አርብ ማታ የተጻፈ ነው።

«ዝም አልሽኝ። ትናንት የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ገባኝ። ፀሐይቱ አክስቴ ናት ሉሊት፤ ያሳደገችኝ። እሷ እያልኩ የጻፍኩት አንቱ ስላት ስለምትቆጣ ነው።»

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረች። ከወለንጪቲ በኋላ ተሳፋሪው ወሬውን አቆመ። መተሐራ መግቢያ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የዋጣቸው ዛፎች ደርቀው፣ ነጭ ሆነው፣ ውሃው መሃል ቆመዋል። ከወዲያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከተማው ሲደርሱ የቤቱ በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጥ ግን ሰው የለም። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ቁምሳጥኑ ሳይቀር ደጅ ወጥቷል። ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፤ ሁሉም የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል።

«አካም ጂርታ እህቴ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት አንድ የባጃጅ ሹፌር፤ ፈይሳ ይባላል።

«ነጋ» አለች እሷም፣ ደህና ነኝ ለማለት። «ይትባረክ የሚባል ልጅ ታውቃለህ? ስልክ ወለል ላይ የሚቸነክር?»

ፈይሳ መልስ ከመስጠቱ በፊት መሪውን አየ። «ቤታቸው ትናንት ወድቋል።»

የባጃጁን ዘንግ ያዘች። እሱም ግቢ አላትና ነዳ።

ከኳስ ሜዳው ዳር በሸራ ከተሠሩት መጠለያዎች አንዱ ሥር፣ እግሩ በጀሶ የታሰረ ወጣት ተቀምጧል። ጠይም፣ ቀጭን፣ ክንደ ረጅም ነው። አጠገቡ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት ባዶ እግራቸውን መሬቱ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

ወጣቱ ቀና አለ። መጀመሪያ የኮምፒውተር ቦርሳዋን፣ ከዚያ ፊቷን አየ።

«ሉሊት ነሽ» አለ። አልጠየቃትም።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ስምሽ ተመዝግቧል።»

«ታዲያ ለምን አልጮህክብኝም?»

«በምን በኩል ልጩህ? ቁልፉንም ዘግተሽዋል እኮ» አለና ፈገግ አለ። ሉሊት ግን አለቀሰች።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ አሮጊቷ፣ መሬቱን በእጃቸው ደባብሰው ቦታ ሲያሳዩዋት። «ፀሐይቱ እባላለሁ። ትናንት ምሳ በልቶ ጋደም ብሎ ነበር። ስልኩ ዝም አለ። እኔ ሰማሁት። ግንቡ ሳይነቃነቅ በፊት፣ ከታች ሲመጣ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ግንቡ እግሩ ላይ ወደቀ።»

«እርስዎ ሰሙት? ያለ ስልክ?»

«ስልኩ ምን ያውቃል» አሉ እትዬ ፀሐይቱ።

ይትባረክ ዓይኑን ከሉሊት ላይ ሳያነሳ ራሱን ነቀነቀ። «ሁልጊዜ ትቀድመዋለች። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን ያለችው አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ለከተማው ሁሉ መድረስ አትችልም።»

ሉሊት ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ከባሕር ማዶ አንድ መልእክት ደርሷት ነበር፤ የተጠየቀው የማሽን ብዛት ተፈቅዷል ይላል። እስከዚያ አርብ ድረስ እንዲጨመር የጠየቀ ሰው አልነበረም። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ለቢኒያም ደወለች። ሁሉንም ነገረችው።

«ይትባረክ አለ እንዴ እዚያ?» አለ ቢኒያም።

«የለም ብለኸኝ ነበር።»

«ለቋል ማለቴ ነው እንጂ! በእግዜር!» አለ ቢኒያም። «ቦታ ካለን ይነሱ። በእኛ ስም፣ በግልጽ ይሁን። እግሩ ሲሻለው ደግሞ መጥቶ ያናግረኝ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮዱን እንደ አዲስ ጻፉት። በዋናው ፋይል ውስጥ፣ ከ«መቂ» ቡድን ቀጥሎ። እሱ ሲናገር እሷ ትጽፋለች። ኃላፊ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያ የራሷን ስም ጻፈች፣ የእሱን አስከተለች። ሁለቱ ስሞች አንድ መስመር ላይ ተቀመጡ።

የሉሊት እናት «ምድሩ እንኳን ያልረጋለት ሰው» ብለው ለሦስት ወር እምቢ አሉ። ይትባረክ በምርኩዝ እያነከሰ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላከ፤ በሦስተኛው ተፈቀደለት። ተጋብተው ወለንጪቲ፣ ከአዳማና ከመተሐራ መሃል፣ ጣሪያው ቀላል የሆነ ቤት ተከራዩ። እትዬ ፀሐይቱም ከብዙ ክርክር በኋላ አብረዋቸው መጡ።

አንድ እሁድ ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ እትዬ ፀሐይቱ የጎረሱትን ሳይውጡ ተነሱ። ስልኮቹ ዝም ብለዋል። ሉሊት ስክሪኗን ሰረቅ አድርጋ አየች፤ የተነሳ ማሽን የለም። አሮጊቷ ግን በአንድ እጃቸው እሷን፣ በሌላው ይትባረክን ይዘው፣ ሳይናገሩ ወደ ግቢው አወጧቸው።

ቆሙ። ነፋሱ ቆሟል። የጎረቤት ዶሮዎች እንኳን አይጭሩም። ብዙ ጠበቁ። ምንም አልመጣም።

«ምን ሰሙ?» አለች ሉሊት በሹክሹክታ።

«ከእግራችን ሥር አለፈ» አሉ እትዬ ፀሐይቱ።

«ወዴት?»

አሮጊቷ የሉሊትን እጅ በይትባረክ እጅ ላይ አስቀምጠው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ምሳቸው ተመለሱ። ሁለቱ ግን ፀሐዩ ላይ ቀሩ። እግራቸው ሥር ያለው መሬት ጸጥ ብሎ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ እጁን ቀድሞ የለቀቀ አልነበረም።