የባሕር ጃርቶቹ ሰዓት

ተመራማሪው አድማሴ ስኬቨኒንገን ወደብ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቤተ ሙከራ፣ በሚያጠናቸው የባሕር ጃርት እጮች መካከል ቅዳሜ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ክፍሉን ለሙከራ ከተቀመጠ የጋዝ ሲሊንደር የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልቶታል፤ የአየር መውጫው በፎጣ ተወትፏል። አርብ አመሻሽ በሩ ላይ ሲጨቃጨቀው የተሰማው ባልደረባው ሚኪያስ ስለሆነ፣ ፖሊሶቹ ሰኞ በግድያ ሊከሱት ወስነዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። መርማሪ ሄርሜላ አልቸኮለችም።

«ተጣልተናል፤ ጥናቱ ላይ ስሜን ስላላስገባ ነው» አለ ሚኪያስ። «ግን ኤኽት» አለ እንደ አገሬው በሆላንድኛ፤ «እውነቴን ነው፣ ምንም አልነካሁም! አርብ እስኪመሽ ድረስ ሮተርዳም ነበርኩ።»

ሄርሜላ እጮቹን በማይክሮስኮፑ ለረጅም ጊዜ አየች። ከጠረጴዛው ላይ በብልቃጥ ያለ ፌጦ አንስታ አሸተተችና ቀና ብላ የተወተፈውን የአየር መውጫ አየች።

እሑድ ሚኪያስንና የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ አበባይሽን እዚያው ሰበሰበች። አድማሴን እንደ ልጃቸው ያዩት ለነበሩት ለእትዬ አበባይሽ ለቅሶው አላባራላቸውም።

«እነዚህ እጮች የተፈለፈሉበት እንቁላል የዳበረው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው፤ አድማሴ ጽፎታል» አለች ሄርሜላ። «በአንድ ቀናቸው ሦስት ጫፍ ያላት ደቃቅ አጽም ያበቅላሉ። በሁለተኛው ቀን አጽሟ ረዝማ እጆቻቸውን እንደ ድንኳን ትወጥራለች። ጋዝ ውሃውን ካኮመጠጠው ግን እድገቷ ይቆማል። ለማወዳደሪያ ጋዝ ሳይሰጣቸው በክፍሉ አየር የተተዉት እንኳ ሁሉም ባለ ሦስት ጫፍ ሆነው ቀርተዋል።»

«እና?» አለ ሚኪያስ።

«እድገታቸው በአንድ ቀናቸው ከቆመ፣ ጋዙ ክፍሉ ውስጥ መጠራቀም የጀመረው አርብ ቀትር ላይ ነው፤ አንተ ያኔ ሮተርዳም ነበርክ። ሲሊንደሩ ድሮም በትንሹ ያፈስ ነበር፤ የአየር መውጫው ግን ጋዙን ያስወጣው ነበር። የዚህ አገር ሰው በውርጭም መስኮት ይከፍታል። ነፋስ ፈርቶ ቀዳዳ የሚወትፍ፣ ለጉንፋን ፌጦ የሚያመጣ...» ወደ እትዬ አበባይሽ ዞረች።

«እኔ ነኝ እንጂ!» አሉ እትዬ አበባይሽ በየዋህነት። «ሳንባው እስኪወጣ ያስል ነበር፤ ነፋሱ ማጅራቱን ሊመታብኝ ነው ብዬ አርብ ቀን ሳጸዳ ወተፍኩለት። ማንም እኮ አልጠየቀኝም፣ ልጄ...»

ከዚያ መውጫውን አዩ። ሲሊንደሩን አዩ። ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እሰሪኝ።»

«ስለ ጋዙ አላወቁም፣ እትዬ። ለማሰር አልመጣሁም።»

«ነገ እናቱ ከአዲስ አበባ ይገባሉ። አደራ ያሉኝ እኔን ነው፤ የምቀበላቸውም እኔ ነኝ። ምን ልበላቸው?»

ሄርሜላ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።